አረንጓዴ መብራት የማያምኑት እሜቴ

በየመሥሪያ ቤቱ ነገር ሲበላሽ ሳይሆን ነገር ሲሠራ የሚደነግጥ አንድ ሰው አይጠፋም። እርስዎም ያውቁታል። ቤቱን ቆልፎ ሦስት ጊዜ እየተመለሰ እጀታውን የሚነቀንቀው፣ ሐኪም «ደህና ነህ» ሲለው ሌላ ሐኪም የሚፈልገው፣ ነጋዴው ሳይከራከር ዋጋ ሲቀንስለት «ምን ቢሆን ነው?» ብሎ ዕቃውን ጥሎ የሚሄደው ማለቴ ነው። የእነዚህ ሁሉ አውራ የሆኑት ግን እኛ ቢሮ ውስጥ፣ ከእኔ ጠረጴዛ በስተግራ ይቀመጣሉ። ስማቸውን አልናገርም፤ ብናገር ማን እንዳወጣው ያጣራሉ። ከጀርባቸው የምንጠራቸው «እሜቴ ማነው የነካው» ብለን ነው።

እሜቴ የሚጠብቁት በር አይደለም፣ መስመር ነው። እኛ ለሕክምና ተቋማት ፕሮግራም እንጽፋለን። ፕሮግራመር የጻፈውን ብድግ ብሎ ለደንበኛ አይልክም። የጻፈው መስመሩ ውስጥ ይገባል፤ መስመሩ ራሱ ይገጣጥመዋል፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፈተና ይፈትነዋል፣ ካለፈ ደግሞ በእሜቴ ፊርማ ወደ ክሊኒኮቹ ኮምፒውተሮች ይልከዋል። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። አንዲት ፈተና ከወደቀች ቀይ ይበራል፣ ሁሉም ካለፉ አረንጓዴ። የተማረው ዓለም ፓይፕላይን ይለዋል፣ እኛ መስመሩ እንለዋለን። ከዜሮ ጀምረው የሠሩት እሳቸው ናቸውና እንደ ልጃቸው ያዩታል። ማለትም አያምኑትም።

ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ሰው አይደለም። ቦርሳቸው ትከሻቸው ላይ እንዳለ ስክሪኑ ፊት ይቆማሉ። ቀይ ከሆነ ፊታቸው ይፈታል፤ «ይኸው! አላልኩም?» ብለው ሻያቸውን ሊቀዱ ይሄዳሉ። ጉዱ ያለው አረንጓዴ የሆነ ቀን ነው። መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይወለውላሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለሁላችንም፣ «ለምን አረንጓዴ ሆነ?» ይላሉ። ቀጥሎ የምትመጣውን እናውቃታለንና ሁላችንም በየወንበራችን ዝቅ እንላለን።

«ማነው የነካው?»

ይህችን ጥያቄ በቀን ቢያንስ አሥራ አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ቆጥሬያለሁ። መስመሩ ሲቆም ይጠይቃሉ፣ መስመሩ ሲፈጥን ይጠይቃሉ፣ ወንበራቸው በጣት ያህል ዝቅ ሲልም ይጠይቃሉ። ጥያቄዋ ከሥራ አስኪያጁ ትነሳና ዙሯን ጨርሳ ዘበኛው ጋ ታበቃለች። የሁሉም ሰው መልስ አንድ ነው፦ «እኔ አልነካሁም።»

አንድ ሰኞ ጠዋት መስመሩ ጭራሽ አልነሳም አለ። እሜቴ በቀጥታ የሄዱት ጽዳት ሠራተኛዋ ጋ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሰርቨሮቹ ያሉበትን ክፍል ጠርጋለችና።

«ቅዳሜ ምን ነካሽ?»

«እትዬ፣ እኔ የነካሁት ወለሉን ነው። ወለሉ ከተበላሸ ልጠየቅ።»

«መጥረጊያሽስ?»

«መጥረጊያዬን እሱኑ ይጠይቁት።»

ኋላ ሲታይ መስመሩ በየቀኑ እየገጣጠመ የተወውን ያረጀ ፋይል የሚያጠፋ ሰው ጠፍቶ፣ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ኖሯል። እሜቴ ጥፋታቸውን አምነው ጽዳት ሠራተኛዋን በሁላችንም ፊት ይቅርታ ጠየቋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያ ክፍል የሚጠረገው ምስክር ባለበት ነው። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ለምን እኔ እንደሆንኩ ጠይቄ አላውቅም።

ይህን ዓመል ቢሮ የለመዱት እንዳይመስልዎት። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ሥራ ሲያልቅ ሊወስዷቸው ይመጣሉ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆመው ሲጠብቁ ብሶታቸውን አወጉን። «ሠላሳ ዓመት ነድቼ ሰው መኪና አልጫርኩም፤ ይኸው ዛሬም ከመነሳቴ በፊት 'እስቲ ፍሬኑን ርገጠው' ትለኛለች። እሱስ ይሁን። ልጃችን በሒሳብ መቶ ከመቶ ያመጣ ጊዜ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ 'እንደገና ይታረምልኝ' አላለችም መሰላችሁ!»

«ታዲያ ምን ሆነ?» አልናቸው።

«ዘጠና ስምንት ሆነ።»

እሜቴ ለካ ከኋላችን ደርሰዋል። «ዘጠና ሰባት ተኩል» ብለው አርመው መኪናው ውስጥ ገቡ።

ፕሮግራመር ሁሉ ሲጨንቀው የሚመዛት አንዲት መከላከያ አለችው፤ «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የምትል። እሳቸው ጋ አትሠራም። «አንተ ጋ በሽተኛ የለም» ይሉታል፤ ሰውየው ጆሮው ግሎ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለሌላው ሰው ምክር ነው፤ ለእሳቸው የሥራ መዘርዝር ነው።

ያም ሆኖ እውነቱን ካወራን የእኛም እጅ ንጹሕ አልነበረም። ከስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ ፈተናዎች አንዷ ዓመለኛ ነበረች። ሁለት ነርሶች በአንድ ቅጽበት የሁለት ሕፃናትን ካርድ ቢከፍቱ የአንዱ ነገር ከሌላው እንዳይደባለቅ የምታጣራዋ ናት። አራት ጊዜ አልፋ አምስተኛው ላይ ትወድቃለች፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኛ ግን መድኃኒቷን አግኝተንላት ነበር። «ድጋሚ» የምትል ቁልፍ አለች፣ እሷን መጫን ነው። ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ላይ አረንጓዴ ይሆናል፣ አለቀ ደቀቀ። እየቆየ ይህ የቢሮው ወግ ሆነ። አንዱ በግራ እጄ ስጫናት ይቀናኛል ይላል። ሌላው ይጫንና ውጤቱን ላለማየት ወደ መስኮቱ ይዞራል። እሜቴ ይህን ሲያዩ ያማቸዋል።

«ሦስት ጊዜ ጠይቀኸው ሁለቴ 'እምቢ' ያለህን ሰው 'እሺ ብሎኛል' ብለህ ታወራለህ?»

ይህን ብለው ማስታወሻ ደብተራቸውን ያወጡና ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተጫነውን ሰው ይጽፋሉ። እኛ «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» እያልን በሻይ ሰዓት እናማቸዋለን። ከሁሉም አብልጬ የምስቀው እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ዕለቱ ሐሙስ ነው። አንድ የሕፃናት ክሊኒክ አዲሱን ፕሮግራም እየጠበቀ ነበር፤ የመድኃኒቱን መጠን በሕፃኑ ክብደት ልክ አስልቶ ለነርሷ የሚነግር ፕሮግራም። የክሊኒኩ ዋና ነርስ ሠራተኞቿን ሁሉ ሰብስባ «መቼ ነው?» እያለች ከጠዋት ጀምራ ትደውላለች። ስክሪናችን አረንጓዴ ነው። እንዲያውም ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም «ድጋሚ»ን ሳይጫን አረንጓዴ እንደሆነ ሰንብቷል። ሥራ አስኪያጁ እጁን እያፋተገ መጣ። እሜቴ ደብተራቸውን ገልጠው ስክሪኑ ፊት ቆመዋል።

«ሠላሳ አራት ጊዜ» አሉ። «በአምስት አንዴ የሚወድቅ መስመር ሠላሳ አራት ጊዜ ተከታትሎ አለፈ።»

«እሰይ ነዋ!»

«ምን እሰይ አለው? ይህ ጤና አይደለም፤ አፉን የያዙት ሰው ነው። አልፈርምም።»

«እትዬ፣ ቀይ ሲሆን ያቆማሉ፣ አረንጓዴ ሲሆን ያቆማሉ። መቼ ነው የሚያሳልፉት?»

«ሳምን።»

ሥራ አስኪያጁ ለወትሮው ጨዋ ሰው ነው። ያን ቀን ግን መረረው። «እስከ አሥር ሰዓት ምክንያቱን ያሳዩኝ» አለ፣ ሁላችንም እየሰማን። «ካላሳዩኝ አሥር ሰዓት ላይ ይሄዳል። ከነገ ጀምሮም አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ያለ እርስዎ ፊርማ ይወጣል። ለእርስዎም ሌላ ቦታ እንፈልግልዎታለን።»

እሜቴ የሻይ ብርጭቋቸውን ሊያስቀምጡ ሲሉ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰባቸው፤ ሳይጠርጉት ተቀመጡ። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

እዚህ ላይ፣ አንባቢ ሆይ፣ ልናዘዝ። የነካሁት እኔ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዓርብ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣት ነበረብኝ። ሥራዬን መስመሩ ውስጥ አስገባሁ፣ ቀይ ሆነ። «ድጋሚ» ተጫንኩ፣ ቀይ። ልጄ በር ላይ ቆማ እየታየችኝ መስመሩ በሚመራበት ፋይል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ ፈተና ከወደቀ ለማንም ሳትነግር ራስህ ድጋሚ ሞክር፣ እስከ አምስት ጊዜ። የእኛን ዓመል ለማሽኑ አስተማርኩት ማለት ነው። ሁሉም ለውጥ ርዕስ ይጻፍለታልና «ትንሽ ጽዳት» ብዬ ጻፍኩለት። ሰኞ አነሳዋለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ስመጣ ስክሪኑ አረንጓዴ፣ ቢሮው ሁሉ ፈገግታ ነው። የሰውን ደስታ ማን ያፈርሳል?

እሜቴ ምርመራ ጀመሩ። ሰው ሁሉ በየተራ እየተጠራ «ምን ነካህ?»፣ «ምን ነካሽ?» ተባለ። ዘበኛው እንኳ አልቀረም፤ መብራት ሄዶ እንደሆነ ተጠየቀ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«ጎረቤት» አሉኝ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለሆነ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው። «ወንበርህን ሳብና ከጎኔ ሁን። ሁለት ዓይን ይሻላል።»

ተከሳሹ ዳኛ ሆኖ ተሰየመ። ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ለውጥ ሁሉ ከነጸሐፊው ስም ደረደሩት፤ አርባ ሁለት ነበር። አንድ በአንድ ከፍተው በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። የሰረዝ ቦታ የቀየረውን ሰው ሁለት ጊዜ አስጠሩት። እኔ ማውሱን ይዣለሁ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደረስን፦ «ትንሽ ጽዳት»፣ ከጎኑ የእኔ ስም።

«እሱ የአንተ ነው፣ እለፈው» አሉ።

አለፍኩት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም ዝም አልኩ። አርባ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፣ የተገኘ ነገር የለም። ዋና ነርሷ እንደገና ደወለች፤ ሥራ አስኪያጁ «አሥር ሰዓት ላይ እርግጠኛ ሁኚ» ሲላት ሰማሁት። አሥር ሰዓት ላይ ይህ ፕሮግራም ይሄዳል። ነርሶቹ ካርድ መክፈት ይጀምራሉ። ከአምስት አንዴ የሚሆነው ነገር ምን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም፤ የማውቀው ያ ነገር እንዳይታይ ያደረግኩት እኔ መሆኔን ነው። እሳቸው ደግሞ ነገ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ወንበር ላይ ናቸው።

እሜቴ መነጽራቸውን ወለወሉ። «አንድ ነገር አምልጦኛል። ከላይ እንጀምር» አሉ። ጀመርን። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ጣታቸው አልቆመም።

«የአንተ ነው፣ እለፈው።»

«እትዬ፣ አይለፉት።»

«ምኑን?»

«የእኔን። ይክፈቱት።»

ከፈቱት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ግን ረጅም ጊዜ አነበቧት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አልወለወሉትም። ከዚያ ዞረው አዩኝ፤ አረንጓዴውን መብራት በሚያዩበት ዓይን አዩኝ። በአራት ዓመት ውስጥ በዚያ ዓይን ሲያዩኝ የመጀመሪያው ነው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለ ዓርብ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ በር መቀባጠር ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ዓረፍተ ነገሯን ሰርዘው መስመሩን አስነሱት።

ሰው ሁሉ ስክሪኑ ሥር ተሰበሰበ። አንዴ አስነሱት፣ አለፈ። ሁለተኛ አስነሱት፣ ቀይ በራ።

«ድጋሚ አስነሱት እንጂ!» አለ ሥራ አስኪያጁ ከልማድ። የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ እሱም ገባውና ድምፁ ወረደ። «ማነው ይህን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሐሙስ ምንም አልተላከም። ዓርብ ጠዋት የእሜቴን ደብተር ከመስመሩ መዝገብ ጋር ስናስተያይ ነገሩ ፈጠጠ። ፈተናዎቹን የሚሠሩልን ሁለት ማሽኖች ናቸው፣ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ። ዓመለኛዋ ፈተና የወደቀችው ሁልጊዜ አሮጌው ላይ ነበር። አዲሱ ፈጣን ስለሆነ የአንዷን ነርስ ሥራ ጨርሶ የሌላዋን ይጀምራል። አሮጌው ሲንፏቀቅ የሁለቱ ሥራ ይደራረብበትና የአንዱን ሕፃን ክብደት በሌላው ሕፃን ካርድ ላይ ይጽፋል። የክሊኒኩ ኮምፒውተሮች ደግሞ ከአሮጌው ማሽናችንም የባሱ ነበሩ። ፈተናዋ ዓመለኛ አልነበረችም፤ ስንት ወር እውነቱን ስትነግረን ከርማለች። ሥራ አስኪያጁ ለዋና ነርሷ ደውሎ ለምን እንደዘገየ ሲነግራት፣ «ከፈለጋችሁ ወሩንም ውሰዱ» አለች። ማክሰኞ ተስተካክሎ ተላከ። ያለ ፊርማ ስለማሳለፍ ያነሳ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አጥፍቻለሁና አልተከራከርኩም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ያቺ «ትንሽ ጽዳት» ያለ እሳቸው ፈቃድ እንዴት አለፈች? ትንንሽ ለውጥ የሁሉም ሰው እንዲሁ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። ባልደረቦቼን ጠየቅኩ፤ ሳቁብኝ። ከነጠላ ሰረዝ ጀምሮ የሁሉም ሰው በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው። መስመሩ የሚመራበትን ፋይል ከፍቼ እስከ ታች አነበብኩት። መጨረሻው አካባቢ «ሳይመረመሩ የሚያልፉ» የሚል ዝርዝር አገኘሁ። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ስም ብቻ አለ፣ የእኔ። የራሳቸው ስም እንኳ የለም፤ የራሳቸውን ለውጥ ሥራ አስኪያጁ ጋ ወስደው ያስፈርማሉ፣ እሱም አንድም ነገር ሳይገባው ይፈርማል።

ስክሪኔን ወደ እሳቸው አዞርኩት። «እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

አዩት፣ ትንሽ አፈሩ መሰለኝ። «ሁሉንም ጠርጥሬ የት ልረፍ?» አሉ።

«ለምን እኔን?»

«ስንት ዓመት 'ማነው የነካው' እያልኩ ስኖር 'እኔ' ያለኝ ሰው አንድ ነው። በገባህ በሳምንቱ አንድ ፋይል አጠፋህ። እኔ ገና አላየሁትም ነበር። መጥተህ 'እትዬ፣ እኔ ነኝ' አልከኝ። ያን ቀን ጻፍኩህ።»

እኔ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ምን ፋይል እንደሆነም አላስታውስም።

«ሐሙስስ?» አልኩ።

«ሐሙስም ያንኑ አልክ። ዘገየህ እንጂ።»

ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ፋይሉን ከፍቼ ስሜን ሰረዝኩ። ይህም ለውጥ ስለሆነ በእኔ ስም ሳይመረመር ማለፍ ይችል ነበር፤ አላሳለፍኩትም፣ ፊርማቸውን ጠየቅኩበት። ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱም ፈተናዎች አለፉ፣ አረንጓዴ በራ፣ የቀረው የእሳቸው እሺታ ብቻ ነው።

ይኸው ሰባት ወር ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ነጥብ ብቀይር ወንበሬን ስቤ እሄዳለሁ፤ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ያነቡልኛል፣ ሁልጊዜም የሚታረም ያገኙብኛል። ባልደረቦቼ ያዝኑልኛል። ያቺ ስሜን የሰረዝኩባት ለውጥ ግን ፊርማ ሳታገኝ እዚያው ተንጠልጥላ እንደቀረች ናት።

«እትዬ፣ ያቺን ለውጥ አዩዋት?» አልኳቸው ትናንት።

«እያየኋት ነው።»

«አንድ ስም መሰረዝ እኮ ነው።»

«ጎረቤት፣ አትቸኩል» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ። «ያቺ ለውጥ ታጠራጥረኛለች።»